ቼክ ቫልቭ የሚፈተነው መብራት ሲሄድ ነው፦ «ቼክ ቫልቭ መግዛት ቀላል ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ብረት ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወይም እንፋሎት ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው) አመራረጥ የተጻፈች አንዲት ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞረች ነው። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ተልካልኛለች፣ አራተኛው የራሳችን ግዢ ክፍል ባልደረባ ነው፣ «አየህ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው እናንተ ስፔስፊኬሽን ስፔስፊኬሽን እያላችሁ ሶስት ወር የምታጉላሉን» የምትል ማስታወሻ ጨምሮባት። እሱ ለቀልድ ነው፣ ግን ነገ ያቺኑ ጽሑፍ ከግዢ መጠየቂያው ጋር አያይዞ እንደሚያመጣት ስለማውቅ ከወዲሁ መልስ ልስጥ ብዬ ነው።

ሃሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚሉት ቼክ ቫልቭ በራሱ የሚከፈት በራሱ የሚዘጋ ቀላል እቃ ስለሆነ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም ነው። የፓይፑን ሳይዝ አይተህ ያንኑ ሳይዝ ግዛ። አይነቱ ስዊንግ ይሁን፣ ማለትም እንደ በር ከላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው፣ ሌሎቹ «የካታሎግ ማሳመሪያ» ናቸው። ክላስ 150 ማለት 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ስለሆነ ግፊትህ ከዛ ካለፈ ወደ 300 ውጣ። ብር ካለህ ሁሌም ስቴንለስ። ቼክ ቫልቭ ካለ የፓምፑ መውጫ ላይ ጌት ቫልቭ (በእጅ እየተዞረ የሚከፈተውና የሚዘጋው) መጨመር ትርፍ ወጪ ነው። ከዛ በኋላ «ገጥመህ እርሳው»። ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ደሞ ራሳቸው ያስገጠሙት ባለ 8 ኢንች ቫልቭ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ችግር ሳያሳይ መስራቱን ነው።

የተስማማሁበትን አስቀድሜ ልናገር። አካሉ ላይ ያለችውን ቀስት ሳታዩ እንዳትገጥሙ ብለዋል፣ ልክ ናቸው፣ ያስቃል እንጂ ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ አንደኛው ቦታ ላይ ፓምፑ ውሃ አልገፋ ሲላቸው ሞተሩን ሪዋይንድ ሊያስደርጉት መኪና ላይ ከጫኑት በኋላ ነው የተደረሰበት። ለእንፋሎት መስመር ካስት አይረን አትግዙ ማለታቸውም ትክክል ነው፣ ካስት አይረን ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም። የፋብሪካ ሰርተፍኬት ጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሂት (የብረቱ ቅልጥ) ቁጥር አካሉ ላይ ከታተመው ጋር ይመሳከር የሚለው ምክራቸውን ደሞ ሁሉም ሰው ቢይዘው ደስ ይለኛል፣ ቀለም ተቀብቶ «ደብሊው ሲ ቢ» (የካርቦን ስቲል ካስቲንግ ደረጃ) የተጻፈበት ሁሉ ደብሊው ሲ ቢ አይደለምና።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። «ፓይፑ 8 ከሆነ ቫልቩም 8» የሚለው ህግ ለጌት ቫልቭ ይሰራል። ጌት ቫልቭን የሚከፍተው የሰው እጅ ነው፣ አንዴ ከተከፈተ ውሃው በዝግታ ሄደ በፍጥነት ሄደ ግድ የለውም። ቼክ ቫልቭን ግን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ራሱ ውሃው ነው። ውሃው ዲስኩን እስከ ማቆሚያው ድረስ ገፍቶ ካላስደገፈው ዲስኩ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል፣ ሌት ተቀን፣ ከውጪ ቆመህ ብትሰማ ቀጭን ጠጠር የሚንኳኳ ነው የሚመስለው፣ ብዙ ሰው ፓምፑ ካቪቴት አደረገ (ውስጡ የእንፋሎት አረፋ እየፈነዳ ነው) ብሎ ፓምፑን ይፈታል።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 200 ሜትር ኪዩብ የሚገፋ ፓምፕ አለን እንበል፣ በ8 ኢንች ስኬጁል 40 (የፓይፑን ግድግዳ ውፍረት የሚናገር ቁጥር) ፓይፕ ውስጥ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 1.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስዊንግ ቫልቭ ሙሉ ለሙሉ እንዲከፈት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ፍጥነት በተለመደው ቀመር ለውሃ ስታሰላው እንደ ቫልቩ የውስጥ ቅርጽ አንዱ 1.3 ሜትር በሰከንድ ይበቃዋል፣ ሌላው 2.3 ይፈልጋል። የእኛዋ 1.7 በሁለቱ መሀል ናት! ማለት ከሁለት ሱቅ የተገዙ፣ ሁለቱም 8 ኢንች፣ ሁለቱም ስዊንግ፣ ሁለቱም ክላስ 150 የሆኑ ቫልቮች አንዱ ሙሉ ተከፍቶ ዝም ብሎ ሲሰራ ሌላው ዲስኩ የተንጠለጠለበትን ፒን እየበላ ይከርማል። የጸሐፊው 8 ኢንች ምናልባት ከመጀመሪያዎቹ ነው፣ ደስ ይበላቸው፣ ግን ያ እድል ነው እንጂ ህግ አይደለም። ያንኑ ውሃ በ6 ኢንች ቫልቭ ብታሳልፈው ፍጥነቱ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ዲስኩን የሚገፋው ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ሶስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ዲስኩም ተደግፎ ይቀመጣል።

«ታዲያ ጠባብ ቫልቭ መብራት አይበላም ወይ?» ትሉ ይሆናል፣ ይበላል። በዚሁ ምሳሌ ከ8 ወደ 6 መውረዱ የሚጨምረው ኪሳራ በራሱ በቫልቩ ላይ 0.6 ሜትር ሄድ (በውሃ ከፍታ የተለካ ግፊት) ገደማ ነው፣ ግማሽ ኪሎዋት የማይሞላ፣ ሪዲዩሰሮቹ፣ ማለት ከ8 ወደ 6 የሚያጠቡት ማገናኛዎች፣ ትንሽ ይጨምሩበታል። 90 ሜትር ለሚገፋ ፓምፕ ይሄ ምንም አይደለም፣ ዝቅተኛ ሄድ ላለው ትልቅ መስመር ግን ቁም ነገር ነው፣ እዛ ጋ ከማጥበብ ይልቅ በትንሽ ፍጥነት የሚከፈት ሌላ አይነት መፈለግ ይሻላል። ብቻ ለማንኛውም ሻጩን «8 ኢንች አለህ ወይ» ከማለት በፊት «ሙሉ የሚከፈትበት ዝቅተኛ ፍጥነት ስንት ነው» በሉት፣ መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ። ፓምፑ ሁሌ በሙሉ አቅሙ ካልሰራ ደሞ ስሌቱን በዝቅተኛው ፍሰት ነው መስራት ያለባችሁ፣ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ገጥማችሁ ማታ ማታ ፍጥነቱን የምትቀንሱ ሰዎች ይሄን አደራ።

ሁለተኛውና ጽሑፉን እንድጽፍ ያነሳሳኝ «ስዊንግ ለሁሉም ይበቃል» የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቦታ (ስሙ ይቆየን) የውሃ ፓምፕ ቤት ውስጥ ሳለሁ መብራት ሄደ። የሞተሩ ድምፅ እየወረደ እየወረደ፣ ከዛ አንድ ሰከንድ ምናምን ፀጥታ፣ ከዛ «ጓ!»። ወለሉ በጫማዬ ስር ተሰማኝ። የግፊት ጌጁ መርፌ ዳር ነክታ ተመለሰችና እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠች። ዘበኛው አባባ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነበር፣ ብርጭቆውን እንኳን ከአፋቸው አላወረዱም። «መብራት በሄደ ቁጥር እንዲሁ ነው ልጄ፣ ማታ ተኝቼ መብራት መሄዱን የማውቀው በሱ ነው» አሉኝ። ቫልቩ ስዊንግ ነበር፣ አዲስ፣ ሰርተፍኬቱ የተሟላ፣ ከፓይፑ ጋር እኩል ሳይዝ፣ በጸሐፊው መስፈርት አንድም እንከን የማይወጣለት። ከሱ በኋላ ያለው ፍላንጅ፣ ማለት በብሎን የሚያያዘው የፓይፑ ከንፈር፣ ግን ሶስቴ ጋስኬት ተቀይሮለት አሁንም ያነባል።

የሆነው ምንድነው? ስዊንግ ዲስክ ከባድ ነው፣ የሚጓዘውም መንገድ ረጅም ነው፣ ከተከፈተበት እስከ መቀመጫው 60 ዲግሪም 70 ዲግሪም ይወርዳል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ፍጥነቱን ይቀንስና ይቆምና ወደኋላ ይዞራል። ዲስኩ ውሃው ከመዞሩ በፊት ከደረሰ ሰላም ነው። ከዘገየ ግን ወደኋላ የሚሮጠው ውሃ ራሱ ይዞት ይመጣና በአንድ ቅጽበት ይዘጋዋል፣ በዛች ቅጽበት የቆመው የውሃ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ወደ ግፊት ይቀየራል። ይሄን ራሺያዊው ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውሃ መስመር ላይ ሞክሮ እንደ ፈረንጆች በ1898 ያሳየው ነገር ነው። በብረት ፓይፕ የግፊቱ ሞገድ በሰከንድ 1200 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ስለዚህ ወደኋላ በ1 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ ውሃ በድንገት ሲቆም 12 ባር ገደማ ይጨምራል። በግማሽ ሜትር ቢሆን እንኳን 6 ባር ነው። ሪዘርቯየሩ 90 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ቀድሞውኑ 9 ባር አለህ፣ 12 ጨምርበትና 21 ሆነ፣ ለክላስ 150 የካርቦን ስቲል ጣሪያው 19.6 ባር ነው። በወረቀት ላይ ከእጥፍ በላይ ትርፍ የነበረው መስመር መብራት በሄደ ቁጥር ከጣሪያው ያልፋል ማለት ነው፣ እኛ ሀገር ደሞ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እዚህ ላይ ግን ፍትሃዊ ልሁን፣ ስዊንግ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ፓምፕ ብቻ ካለህ፣ መስመሩ ረጅምና ብዙም ሽቅብ ካልሆነ ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚቆመው፣ ስዊንጉ ተረጋግቶ ይዘጋል፣ ርካሽ ነው፣ ቆሻሻ ያሳልፋል፣ ከቨሩን ፈተህ ከመስመሩ ሳታወጣው ታየዋለህ። ጸሐፊው የሚያውቁት መስመር እንደዚህ ያለ ይመስለኛል። ችግሩ የሚመጣው ውሃው በፍጥነት በሚዞርባቸው ቦታዎች ነው፦ አጭር መስመር ከከፍተኛ ሄድ ጋር፣ ፓምፑ አጠገብ የተተከለ የአየር ቬሰል (የግፊት ምት የሚያለዝብ ታንከር)፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ጎን ለጎን የሚሰሩ ፓምፖች። ሶስት ፓምፕ አንድ ሄደር (የጋራ ፓይፕ) ላይ እየገፉ አንዱ ትሪፕ አድርጎ በድንገት ቢቆም ሁለቱ አልቆሙም፣ በቆመው በኩል ወዲያው ወደኋላ ይገፉታል፣ ስዊንጉ ለማሰብ እንኳን ጊዜ አያገኝም።

እንዲህ ላለ ቦታ ነው እነዛ «የካታሎግ ማሳመሪያዎች» የተሰሩት። ኖዝል ወይም አክሲያል የሚባለው ዲስኩ ቀላል ነው፣ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፣ ከኋላው ሞላ አለው፣ ውሃው መቆም ሲጀምር ሞላው ቀድሞ ይመልሰዋል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ዱዋል ፕሌቱ መሀለኛ ነው፣ ሁለት ግማሽ ክብ ሳህን በሞላ እየተገፉ ይዘጋሉ፣ ቀጭንና ቀላል ነው፣ በሁለት ፍላንጅ መሀል ይገባል። ድክመቱም አለው፣ ሞላው ይደክማል፣ ቃጫና ገለባ ያለበት ውሃ ከሆነ ይጠመጠምበታል፣ ለማየት ከመስመሩ መውጣት አለበት። ሁለት ነገር ደሞ ሁሌ ይረሳል፦ አግድም ፓይፕ ላይ ሲገጠም ፒኑ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ፒኑን ካጋደማችሁት የላይኛው ሳህን በራሱ ክብደት ይወርዳል የታችኛው ከሞላው ጋር ይታገላል። ሁለተኛ፣ ሳህኖቹ ሲከፈቱ ከአካሉ ወጥተው ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ ስለዚህ ወዲያው ከፊት ለፊቱ በተርፍላይ ቫልቭ (መሀሉ ላይ የሚዞር ሳህን ያለው) ከገጠማችሁበት ይጋጫሉ። አንድ ሳይት ላይ በተርፍላዩ ግማሽ ላይ ደርሶ አልሄድ ሲላቸው የጊርቦክሱን እጄታ በፓይፕ አስረዝመው ገፍተውት ሳህኑን አጣመሙት።

ያለውን ስዊንግ ማዳን ለሚፈልግ ውጪ ላይ ክንድና ክብደት ያለው አለ፣ ቶሎ መዝጋት እንዲጀምር ያግዘዋል። ዳሽፖት ያለው ደሞ የመጨረሻዋን መንገድ በዘይት አለዝቦ ያስኬደዋል፣ ጩኸቱን ይገድላል ግን ቀስ ብሎ እስኪዘጋ ውሃ ወደኋላ ያልፋል፣ ፓምፑ ወደኋላ ይሽከረከራል። ፓምፑ ገና ወደኋላ እየዞረ መብራት ተመልሶ ሞተሩ ቢነሳስ? ሻፍት የሚቆረጠው እንደዚህ ነው። ስለዚህ ዳሽፖት ከሆነ ስታርተሩ ላይ የማዘግያ ታይመር አብሮ ይገባል።

ፒስተን የሚባለውን፣ ዲስኩ ሲሊንደር ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚሄደውን፣ በአንድ አረፍተ ነገር ልለፈው፣ ለትንንሽ ሳይዝና ለንጹህ እንፋሎት ጥሩ ነው።

ክላሱ ላይ እንምጣ። ክላስ 150 ማለት 150 ፒኤስአይ አይደለም። ቁጥሯ የሰንጠረዥ ስም ናት። ሰንጠረዡ የአሜሪካ የቫልቭ ስታንዳርድ የሆነው ኤኤስኤምኢ ቢ 16.34 ነው፣ በዚያ መሰረት ለደብሊው ሲ ቢ ክላስ 150 በ38 ዲግሪ 19.6 ባር ይችላል፣ ይሄ 285 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ስለዚህ ለቀዝቃዛ ውሃ የጸሐፊው ምክር ሰውን ያለአግባብ ወደ 300 ያስወጣዋል፣ ገንዘብ ማባከን ብቻ ነው፣ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሙቀት ሲኖር ነው። ያው ቫልቭ በ200 ዲግሪ 13.8 ባር፣ በ300 ዲግሪ 10.2፣ በ400 ዲግሪ 6.5 ባር ብቻ ነው የሚችለው። 6.5 ባር 94 ፒኤስአይ ነው። «150 ነው የሚችለው» ብሎ 120 ፒኤስአይ ያለው 400 ዲግሪ የጋለ እንፋሎት ላይ የገጠመው ሰው ከልኩ አልፏል፣ አላወቀም። ከ425 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ደሞ ደብሊው ሲ ቢን ተዉት፣ ውስጡ ያለው ካርበን ወደ ግራፋይት እየተለወጠ ብረቱ ይሰባበራል፣ እዛ ጋ የክሮምና ሞሊብዲነም ብረቶች፣ ደብሊው ሲ 6 እና ደብሊው ሲ 9 የሚባሉት ናቸው ቦታቸው።

እግረ መንገዴን፣ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ «ክላስ 150 እና ፒኤን 16 አንድ ነው፣ ያገኛችሁትን ግዙ» ይላል፣ ፒኤን የአውሮፓው የግፊት ደረጃ ነው። በግፊት ብዙም አይራራቁም፣ እሺ። ብሎን ላይ ሲደርስ ግን ታያላችሁ። የ8 ኢንች ክላስ 150 ፍላንጅ 8 የብሎን ቀዳዳ አለው፣ የዲኤን 200 (የ8 ኢንች አቻ) ፒኤን 16 ደሞ 12። በቃ አይገጥምም። ፒኤን 10 ይባስ ያታልላል፣ እሱም 8 ቀዳዳ አለው፣ የቀዳዳዎቹ ክብ ግን 295 ሚሊሜትር ነው፣ የክላስ 150 ደሞ 298.5። ሲያዩት ይገጥማል፣ ሁለት ብሎን ይገባል ሶስተኛው እምቢ ይላል፣ ከዛ አንዱ ግሪንደር ያመጣል። ቀዳዳው በግሪንደር የሰፋ ፍላንጅ ያላየ ሜካኒክ ካለ እጁን ያውጣ። ቫልቩ ከአንዱ ሀገር ፓምፑ ከሌላው ሀገር በሚመጣበት ሀገራችን፣ የግዢ መጠየቂያ ላይ የፍላንጁን ስታንዳርድ ሙሉ ስሙን መጻፍ የአንድ መስመር ስራ ነው።

ስቴንለስን በተመለከተ ጸሐፊው ልባቸው ደህና ነው፣ ዝገት ሰልችቷቸዋል፣ እኔንም ሰልችቶኛል። ግን «ስቴንለስ ሁሌም ይበልጣል» ሲባል ብዙ ሰው «ይጠነክራል» ብሎ ነው የሚሰማው። በዛው ሰንጠረዥ ክላስ 300 ካርቦን ስቲሉ በ200 ዲግሪ 43.8 ባር ሲችል ሲኤፍ 8 ኤም፣ ማለት የ316ቱ ካስቲንግ፣ 35.7 ባር ነው የሚችለው። በእንፋሎት መስመር ላይ ካርቦን ስቲሉን አውጥተህ በዛው ክላስ ስቴንለስ ብታስገባ ጥንካሬ ቀነስክ እንጂ አልጨመርክም። ክሎራይድ ያለበት ሙቅ ውሃ ደሞ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ስቴንለስን ሳይዝግ ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ዝገት ቢያንስ ቀድሞ ይታያል። በደንብ ለታከመ የቦይለር ውሃ ካርቦን ስቲል አካል ይበቃል፣ ብር ካላችሁ የውስጡ እቃ ላይ አውሉት፣ ዲስኩና መቀመጫው 13 በመቶ ክሮም ይሁን፣ ከባድ ስራ ከሆነ ፊቱ ስቴላይት የሚባለው ጠንካራ ቅይጥ ይቀባ። አሲድ ነገር ወይም ምግብና መጠጥ ከሆነ ግን ክርክር የለኝም፣ ስቴንለስ ነው።

አሁን ወደ አደገኛው፣ ማለትም «ቼክ ቫልቭ ካለ ጌት ቫልቭ ትርፍ ነው» ወደሚለው። ሌሎቹ ነጥቦች ገንዘብ ነው የሚያስወጡት፣ ይሄ ሰው ይጎዳል። ቼክ ቫልቭ ፍሰት ይከለክላል፣ ጠብታ እንዳያልፍ ግን ማንም ቃል አልገባም። በኤፒአይ 598 (የቫልቭ ፍተሻ ስታንዳርድ) የፋብሪካ ፍተሻ ብረት በብረት የሚቀመጥ ቼክ ቫልቭ በየኢንቹ በደቂቃ 3 ሲሲ ውሃ ማሳለፍ ይፈቀድለታል። ባለ 8 ኢንቹ 24 ሲሲ በደቂቃ፣ በሰዓት ወደ 1.4 ሊትር፣ በቀን ከ34 ሊትር በላይ አሳልፎ «አለፈ» ተብሎ ማህተም ይመታለታል ማለት ነው፣ ያውም አዲስ ሆኖ፣ ንጹህ ሆኖ፣ ከኋላ በደንብ ተገፍቶ። ከኋላ ያለው ግፊት ትንሽ ሲሆን ደሞ ዲስኩን አጥብቆ የሚያስቀምጠው ስለሌለ ከዚህም ሊብስ ይችላል። እና ጌት ቫልቭ ሳይኖር ፓምፑን ለመፍታት ብሎን የሚያላላው ልጅ የሚተማመነው በምንድነው? ውሃ ከሆነ ይረጥባል፣ የቦይለር መጋቢ መስመር ከሆነ እጁንና ፊቱን ነው የሚያቃጥለው። ጌት ቫልቩ ይኖራል፣ ሰንሰለትና ቁልፍ ይገባበታል፣ በቼክ ቫልቩና በጌቱ መሀል ደሞ ግማሽ ኢንች ማፍሰሻ ይኑር፣ ተከፍቶ ዜሮ ግፊት መሆኑ በዓይን እስኪታይ ቁልፍ አይነካም። ለአነስተኛ የጓሮ ፓምፕ ይሄ ሁሉ ይበዛል ካሉኝ ይበዛል፣ እስማማለሁ፣ ጽሑፉ ግን የሚያወራው ስለ ኢንዱስትሪ ነው።

የቀረው «ገጥመህ እርሳው» ነው። ቼክ ቫልቭ ሲበላሽ አይናገርም። ጌት ቫልቭ ቢበላሽ እጄታው ይነግርሃል፣ ፓምፕ ቢበላሽ ይጮሃል፣ ቼክ ቫልቭ ግን ዲስኩ ወድቆ ከታች ተኝቶም ቢሆን ውሃው ወደ ፊት እስከሄደ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። የታወቀው ምሳሌ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳን ኦኖፍሬ ኑክሌር ጣቢያ ዩኒት 1 ነው። እንደ ፈረንጆች ህዳር 21 ቀን 1985 መብራት ሲቋረጥበት በቦይለሩ መጋቢ ውሃ መስመር ላይ ያሉ 5 ቼክ ቫልቮች ውሃውን መያዝ አቃታቸው፣ አምስቱም ቀድመው የተበላሹ ነበሩ፣ ዳዷቸው የላላ፣ ዲስኩ ከክንዱ ተላቆ የወደቀ ነበረባቸው፣ ማንም አላወቀም። ውሃው ወደኋላ ሸሸ፣ መስመሩ ባዶ ሆኖ እንፋሎት ሞላው፣ እንደገና ውሃ ሲመጣ ዋተር ሀመሩ፣ ማለት ያ ድንገተኛ የግፊት ምት፣ ፓይፑን ጎዳው። ጣቢያው በዛን ሰዓት በ60 በመቶ አቅም ነበር የሚሰራው፣ ሙሉ ፍሰት ለሚጠብቅ ስዊንግ ዲስክ ዝቅ ያለ ፍሰት ምን እንደሚያደርገው ደሞ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ኑክሌር ጣቢያ ያን ሁሉ ኢንጂነር ይዞ ካመለጠው እኛንማ።

ክትትሉ ውድ አይደለም። ፓምፑን አቁመህ ካፕሊንጉን (ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘውን) እይ፣ ወደኋላ ከዞረ ቫልቩ አልያዘም። እየሰራ ሳለ አካሉ ላይ የረጅም መፍቻ ጫፍ አስደግፈህ በሌላኛው ጫፍ ጆሮህን ጣል፣ ዝምታ ከሆነ ጥሩ፣ ተ ተ ተ ካለ ዲስኩ አልተደገፈም። ከገጠምክበት ቦታም ይጀምራል፣ ከኤልቦ ወይ ከፓምፑ አፍ ላይ ወዲያው አትለጥፈው፣ አምስት ዲያሜትር ቀጥ ያለ ፓይፕ ስጠው፣ ለ8 ኢንች አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ የተተራመሰ ውሃ ዲስኩን እረፍት ይነሳዋል።

ያ አባባ ያሉበት ፓምፕ ቤት ቫልቭ በኋላ ተከፈተ። ከቨሩ ሲነሳ ዲስኩ በቦታው ነበር፣ ደህና ይመስላል፣ በእጄ ሳነሳው ግን ወደ ጎን ተወዛወዘ። ፒኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዞ ነበር፣ ክንዱ ማቆሚያውን የሚመታበት ቦታ ላይ እንደ ሳንቲም የሚያበራ ጠባሳ፣ የዳዶው መቆለፊያ ፒን የለም። ዳዶው በሁለት ጣቴ ዞረ። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር፣ የቀን መዝገቡ ላይ ደሞ በዛ ቫልቭ ስም አንድም ችግር አልተጻፈም።

ስለዚህ የጸሐፊውን «አራት ዓመት ምንም አልሆነም» የሚለውን ማስረጃ አልክድም፣ ግን ከውጪ ነው የታየው። ኢንጂነር፣ ፓምፑ በሚያርፍበት ቀን ጌት ቫልቩን ዘግተው (አለ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ)፣ አፍስሰው፣ ያን የ8 ኢንች ከቨር ያስፈቱልኝና የፒኑንና የዳዶውን ፎቶ እዚሁ ይልቀቁልኝ። የሚያስፈልገው አዲስ ጋስኬትና የግማሽ ቀን ስራ ነው። ፒኑ ክብ ከሆነ ስለ ሳይዙ የጻፍኩትን ለእርስዎ መስመር እዚሁ በይፋ እመልሳለሁ፣ የጋስኬቱንም ዋጋ እኔ እችላለሁ።